ለዴልፍቱ ጨርቅ ነጋዴ የተጻፈ የምስጋና ደብዳቤ

ለተከበሩ አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ
ዴልፍት፣ ሆላንድ

እኔን አያውቁኝም፤ ሥራዬን ግን አሳምረው ያውቁታል። የታማሚ ሰገራ፣ ሽንትና ደም በማይክሮስኮፕ እያየሁ ያየሁትን ወረቀት ላይ የማሰፍር የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ደግሞ ለዚሁ ሙያ የሚሰለጥኑ ወጣቶችን አስተምራለሁ። እርስዎ ይህን ሥራ ያለ አስተማሪ፣ ያለ ደመወዝ፣ በገዛ ቤትዎ ጀመሩት። የሰገራ ምርመራውን ደግሞ በሌላ ሰው ሳይሆን በራስዎ ጀመሩት። ዓመታቱን በእናንተ አገር አቆጣጠር እጽፋለሁና፣ ያ የሆነው በ1681 ነው።

ብዙ ሰው የሚያመሰግንዎ ከሁሉ ቀድመው ስላዩ ነው፤ ይገባዎታልም። እኔ ግን ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ በተለይ ስለ አጻጻፍዎ ላመሰግንዎ ነው። በዓይን የማይታይ ሕይወት ስም ሳይኖረው፣ መጽሐፍ ሳይጻፍለት፣ የሚያምን ሰው እንኳ ሳይኖር፣ ያዩትን በዓረፍተ ነገር አስረው ለሰው አስረከቡ። ዛሬ እኔና ባልደረቦቼ በእንግሊዝኛ የምንሞላው የውጤት ወረቀት ከዚያ የመጣ ነው።

በቅድሚያ ሥራው ዛሬ ምን እንደሚመስል ልንገርዎ። አንድ ሰው ሆዱን እየነፋው፣ ግሳቱ እንቁላል እንቁላል እያለው ይመጣል። ሐኪሙ የምርመራ ወረቀት ይጽፍለታል፤ ታማሚው በትንሽ ዕቃ ናሙናውን ይዞ መስኮታችን ላይ ይቆማል። ናሙናው ትኩስ ከሆነ ደስ ይለኛል፤ ከቆየ የምፈልጋቸው ይሞቱብኛል። ስላይዱ ላይ አንድ ጠብታ ኖርማል ሳላይን አደርጋለሁ፣ በእንጨት ጫፍ ጥቂት ሰገራ ወስጄ እበጠብጠዋለሁ፣ ከላዩ ስስ መስታወት እደፋበታለሁ። አረፋ እንዳይገባ መስታወቱን ከአንድ ጎን አዘንብሎ ማስተኛት ነው። ከዚያ በዝቅተኛው ሌንስ ጀምሬ ከጥግ እስከ ጥግ፣ መስመር ሳልዘል አያለሁ። ብርሃን የሚሰበስበውን ኮንደንሰር ዝቅ፣ ብርሃኑን ቀነስ አደርጋለሁ፤ ብርሃን ሲበዛ እነዚህ ብርሃን የሚያሳልፉ ፍጥረታት ይጠፋሉ። የሚንቀሳቀስ ነገር ዓይኔን ሲስበው ወደ ከፍተኛው ሌንስ እለውጣለሁ።

ጃርዲያ የሚባለው የአንጀት ጥገኛ ከሆነ አይቶ መሳሳት የለም። ከዛፍ እንደሚረግፍ ቅጠል እየተገላበጠ፣ አንዴ ሆዱን አንዴ ጎኑን እያሳየ ያልፋል። በሆዱ በኩል ሲዞር ሁለት ኒውክሊየሶቹ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይታያሉ፤ በጎኑ ሲዞር ቀጭን ማንኪያ ይሆናል። ጅራፎቹ ሲርገበገቡ ይታዩኛል፤ አካሉ ግን የእነሱን ግርግር ያህል ወደ ፊት አይሄድም።

በ1681 ኅዳር ለእንግሊዛዊው የሳይንስ ሰው ለሮበርት ሁክ በላኩት ደብዳቤ ላይ የጻፉትን ሳነብ እጄን አፌ ላይ የጫንኩት ለዚህ ነው። አካላቸው ከወርዳቸው ይልቅ በመጠኑ ረዘም ይላል አሉ፤ ሆዳቸው ጠፍጣፋ ነው፤ ትንንሽ እግሮች አሏቸው፤ እግሮቻቸውን በብርቱ ያንቀሳቅሳሉ፣ የሚጓዙት ግን በዝግታ ነው አሉ። አንዳንዶቹ ከደም ቅንጣት ጥቂት ይበልጣሉ፣ ሌሎቹ ጥቂት ያንሳሉ ብለው ለኩ። የቀይ የደም ሴል ስፋት ሰባት ወይም ስምንት ማይክሮሜትር ነው፤ ተንቀሳቃሹ ጃርዲያ ከአሥር እስከ ሃያ ማይክሮሜትር ይረዝማል። ማይክሮሜትር የሚባል መለኪያ ባልነበረበት ዘመን ይህን ያህል መቅረብዎ ይደንቀኛል።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር ጽፈዋል። ሰገራዎ እንደ ወትሮው ጠጠር ሲል እነዚያን እንስሳት እንዳጧቸው፣ ላላ ሲል ግን እንዳገኟቸው መዝግበዋል። በየጊዜው የበሉትንና የጠጡትን እንኳ ማስታወሻ ይዘዋል። እኛ ዛሬ ለተማሪዎች የምንነግራቸው ይህንኑ ነው፤ ተንቀሳቃሹ ትሮፎዞይት በቀጭን ሰገራ፣ ዛጎል የለበሰው ሲስት በወፍራም ሰገራ ይፈለጋል። ቅርጽ፣ መጠን፣ እንቅስቃሴ፣ የናሙናው ሁኔታ፣ የታማሚው ሁኔታ፣ ሁሉም በጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ተሟልቶ ተቀምጧል። ያልነበረው ስሙ ብቻ ነው።

ስሙ ኋላ መጣ፤ የእርስዎም ስም አልሆነም። በ1859 ፕራግ ላይ ቪሌም ላምብል የሚባል ሐኪም ይህንኑ ፍጥረት አይቶ በሥዕል ገለጸው፤ የፈረንሳዊው የእንስሳት ተመራማሪ የአልፍሬድ ጃርድ ስም ደግሞ ለወገኑ ተሰጠ። ጃርዲያ ላምብሊያ የምንለው ለዚህ ነው። አንዳንዱ መጽሐፍ ጃርዲያ ዱዎዴናሊስ፣ ሌላው ጃርዲያ ኢንቴስቲናሊስ ይለዋል። ሦስት ስም ያለው ፍጥረት የመጀመሪያ ተመልካቹን በአንዱም አላስታወሰም። ከእርስዎ ደብዳቤ እስከ ላምብል ሥዕል 178 ዓመት አለፈ። ያም ሆኖ እንግሊዛዊው ክሊፎርድ ዶቤል የእርስዎን ጽሑፍ በራሱ በሆላንድኛው ለማንበብ ቋንቋዎን ተምሮ ሲያበቃ፣ ያዩት ጃርዲያ መሆኑን ከገለጻዎ ብቻ ለየው። በ1932 ስለ እርስዎና ስለ ትንንሽ እንስሳትዎ ያሳተመው መጽሐፍ እስከ ዛሬ ድረስ ሰው የሚማርበት ነው። ስም ባይኖረውም መግለጫው በደንብ ከተጻፈ ፍጥረቱ እንደማይጠፋ ያረጋገጠልኝ ይህ ነው።

የሥራ ጓደኞቼ ስለ ማንነትዎ ሲጠይቁኝ፣ ሳይንቲስት ነበሩ ከማለቴ በፊት ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ እላቸዋለሁ። በ1632 ዴልፍት ተወለዱ፤ ዩኒቨርሲቲ አልገቡም፤ ላቲን አያውቁም ነበር። በዚያ ዘመን ላቲን የማያውቅ ሰው ከተማሩት ማኅበር ደጅ ላይ ይቀር ነበር። ልጅ ሳሉ አምስተርዳም የጨርቅ ንግድ ተማሩ፤ ተመልሰው ሱቅ ከፈቱ፤ ኋላም የከተማው አስተዳደር አዳራሽ ኃላፊ ሆነው ተቀጠሩ። የሚያውቁት ሆላንድኛ ብቻ ነበር፤ ሃምሳ ዓመት ሙሉ በዚያው በሆላንድኛ ጻፉ። ወደ 190 የሚሆኑ ደብዳቤዎች ለለንደኑ የሳይንስ ማኅበር ለሮያል ሶሳይቲ ላኩ። የገበያውንና የሰፈሩን ቋንቋ ለሳይንስ አበቁት፤ ሐሳብዎን ለማስረዳት የሌላ ሰው ካባ አልተዋሱም።

ያ በ1676 ጥቅምት የላኩት ረጅሙ ደብዳቤ ለእኔ የሙያችን የልደት ወረቀት ነው። የዝናብ ውኃ፣ የጉድጓድ ውኃ፣ የባሕር ውኃ፣ የበረዶ ውኃ፣ ቁንዶ በርበሬ የተዘፈዘፈበት ውኃ፣ ሁሉንም አዩ። ቁንዶ በርበሬው ምላስን የሚያቃጥለው ለምን እንደሆነ ለማወቅ ዘፈዘፉት፤ የፈለጉትን ሳይሆን ያልጠበቁትን አገኙ። ዛሬ ባክቴሪያ የምንላቸውን ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ያያቸው በዚያ ውኃ ውስጥ ነው።

ከዚያ ደብዳቤ አንድ ቦታ ለተማሪዎቼ ደጋግሜ አነሳለሁ። እንስሳቱ ከሰማይ ከዝናቡ ጋር ይወርዱ እንደሆነ ማወቅ ፈለጉ። ከጣራ የወረደው ውኃ አላረካዎትም፤ ጣራው ራሱ ሊያቆሽሸው ይችላልና። ትልቅ የሸክላ ሳህን አውጥተው ግቢ ውስጥ አኖሩ፤ ሳህኑን ደግሞ ከፍ ባለ የእንጨት ገንዳ ላይ አስቀመጡት፣ ከመሬት ጭቃ እንዳይረጭበት። መጀመሪያ የተጠራቀመውን ውኃ ሳህኑን አለቅልቀው ደፉት። ቀጥሎ የወረደውን ሲያዩት ምንም የሚንቀሳቀስ አልነበረም። ውኃውን አቆይተው ከቀናት በኋላ ሲመለሱበት እንስሳቱ ነበሩ። ከሰማይ አልወረዱም ማለት ነው። ኮንትሮል የሚባለውን ነገር ማንም ሳይነግርዎት፣ ቆሻሻ የሚገባበትን በር አንድ በአንድ ዘጉ፤ ሲዘጉም እያንዳንዱን በር ለአንባቢ አሳዩ። ሳህኑን አለቅልቄ ደፋሁት የምትለው አንዷ መስመር ከብዙ ትልልቅ ቃላት ትበልጥብኛለች።

በዚያው ደብዳቤ ውስጥ ደግሞ ጭራቸውን እንደ ጥምጥም እየሰበሰቡ እየዘረጉ የሚኖሩ ደወል መሰል ፍጥረታት አሉ። ቮርቲሴላ ነው የምንላቸው። እርስዎ ጭራቸው በቆሻሻ ክር ተይዞባቸው ለመላቀቅ የሚታገሉ መሰለዎት፤ አዘኑላቸውም። ጭራው የተፈጥሮ መያዣቸው መሆኑን ዛሬ እናውቃለን። ነገር ግን የጭራው አዘረጋግና አሰባሰብ በጽሑፍዎ ውስጥ ትክክል ስለሆነ፣ ግምትዎ ቢስትም ምልከታዎ ሳይነካ ቀረልን። ያዩትንና የገመቱትን ለያይቶ መጻፍ ልማድዎ ስለነበር ነው። በ1680 የቢራ እርሾን ሲያዩም ድቡልቡል ቅንጣቶች ብለው ጻፉ እንጂ ሕይወት ያላቸው ናቸው አላሉም፤ አልተንቀሳቀሱማ። ሕያው መሆናቸውን ሌሎች ከረጅም ጊዜ በኋላ አረጋገጡ። ያላዩትን አለማለት እንዴት ያለ መከበሪያ ነው!

መጠንን በምን ሰፈሩት? በአሸዋ ቅንጣት፣ በፀጉር ውፍረት፣ በቅማል ዓይን፣ በደም ቅንጣት። አንባቢዎ ለንደን ይሁን ዴልፍት፣ አሸዋ ያውቃል፣ ፀጉር አለው። ከአንድ አሸዋ ቅንጣት ጋር ስንቱ እንደሚስተካከል አስልተው ሲጽፉ፣ ማይክሮስኮፕ አይቶ የማያውቅ ሰውም ስሌቱን መከተል ይችላል። ዛሬም በደም ፊልም ላይ የወባ ጥገኛ ሲታይ አጠገቡ ያለው ቀይ የደም ሴል ሚዛን ይሆናል፤ ሴሉ አብጧል ወይስ አላበጠም ብለን ዓይነቱን እንለያለን። ከእርስዎ የወረስነው ልማድ ነው።

ሄንሪ ኦልደንበርግን ሳላመሰግን ባልፍ በደል ይሆናል። ብሬመን የተወለደ ጀርመናዊ ነው፤ የሮያል ሶሳይቲ ጸሐፊ ሆኖ በ1665 ፊሎሶፊካል ትራንዛክሽንስ የሚባለውን መጽሔት ጀመረ። ከውጭ አገር ሰዎች ጋር ብዙ ይጻጻፋል ተብሎ ተጠርጥሮ በ1667 የለንደን ግንብ ውስጥ ታስሯል። ያ ሁሉ ደርሶበትም ከውጭ የሚመጡ ደብዳቤዎችን መክፈትና መተርጎም አልተወም። የእርስዎን የ1676 ደብዳቤ ከሆላንድኛ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው እሱ ነው፤ በ1677 መጽሔቱ ላይ ሲያወጣው ርዕሱ ላይ ትንንሽ እንስሳት ብሎ ጻፈ። በዓይን የማይታይ ሕይወት በእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ውስጥ እግሩን ያሳረፈው እንዲህ ነው፤ ማንም ገበሬ በሚረዳው ቃል፣ ከአንድ ጨርቅ ነጋዴ ብዕር፣ በአንድ ስደተኛ እጅ። አኒማልኪዩል የተባለው ላቲን ቀመስ ቃል ኋላ ገነነ። ፕሮቶዞአ፣ ባክቴሪያ፣ ማይክሮብ የተባሉት ሁሉ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የመጡ ናቸው። የቀደመው ትንሽ እንስሳ ነው።

ሰው ግን አላመነም። የማኅበሩ አባል ኔሄሚያ ግሩ ሙከራውን ደግሞ ለማየት ቢሞክር አልሆነለትም። እርስዎ ተቆጥተው ብዕርዎን አልጣሉም፤ ቤትዎ መጥተው በዓይናቸው ያዩ ስምንት የታመኑ ሰዎች፣ ከእነሱም የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ያሉባቸው፣ ምስክርነታቸውን እንዲሰጡ አድርገው ላኩ። በ1677 ኅዳር ሮበርት ሁክ በቀጫጭን የመስታወት ቱቦ የቁንዶ በርበሬ ውኃ ይዞ ለማኅበሩ አሳየ፤ አርክቴክቱን ክሪስቶፈር ሬንን የመሰሉ ሰዎች አዩ፤ ነገሩ አበቃ። ኦልደንበርግ ይህን ሳያይ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ሞቷል። እሱ የተረጎመው ሁክ ከማረጋገጡ በፊት፣ በጽሑፍዎ አምኖ ነው። ይህ ሰው በዓይኑ ሳይሆን በአንቀጽዎ ነው ያየው።

አሁን ወደ እኛ ልመለስ። በአገሬ ልጆች ሳይንስን ከፍ ባሉት ክፍሎች የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ ባዮሎጂ ሲጀምሩ ከመጀመሪያዎቹ ቃላት አንዱ ማይክሮኦርጋኒዝም ነው። ትርጉሙን በቃል ይይዙታል፦ "ማይክሮኦርጋኒዝምስ ካኖት ቢ ሲን ዊዝ ዘ ኔክድ አይ።" ፈተና ላይ ይጽፉታል፣ ያልፋሉ። ብዙዎቹ ግን አንዱንም ሳያዩት ነው ቃሉን የያዙት። ማይክሮስኮፕ በሌለበት ወይም ካለ ቁምሳጥን ውስጥ በተቆለፈበት ትምህርት ቤት የተማረ ልጅ ቃሉን ከእነ አጻጻፉ ያውቀዋል፤ በዓረፍተ ነገር አስገባው ሲባል ግን ከዚያች ከተሸመደደችው ዓረፍተ ነገር ሌላ አያገኝም። ምን እንደሚሠራ፣ የት እንደሚገኝ፣ እንዴት እንደሚሄድ የሚናገር ግስ አልተሰጠውማ።

ወደ ላቦራቶሪ ሲመጡ ይህ ይገለጣል። ውጤት ሲጽፉ ስሙን ብቻ ያሰፍራሉ። አንዱ ብዙ ቁጥር የሆነውን ባክቴሪያ እንደ ነጠላ ይጠቀምበታል፤ ነጠላው ባክቴሪየም መሆኑን፣ ስለዚህም "ባክቴሪያ አር" እንጂ "ባክቴሪያ ኢዝ" እንደማይባል እነግረዋለሁ። ወገንና ዝርያ ሲጻፍ የወገኑ ፊደል ትልቅ፣ የዝርያው ትንሽ እንደሆነ አሳያለሁ። እነዚህ አስፈላጊ ናቸው፣ ግን በአንድ ጠዋት ይለመዳሉ። የሚከብደው ሌላ ነው፤ ቃሉን ያዩት ነገር እንዲሸከም አድርጎ ማስገባት ነው።

እዚህ ላይ ነው እርስዎን የምጠራዎ። ተማሪው ስላይዱ ላይ አንድ ነገር ሲያገኝ ስሙን እንዳይናገር እከለክለዋለሁ። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ፣ በአጫጭር ዓረፍተ ነገር፣ እንደ እርስዎ እንዲጽፍ አደርጋለሁ፤ ምን ያህል ይረዝማል፣ ከቀይ የደም ሴል ይበልጣል ወይስ ያንሳል፣ ይንቀሳቀሳል ወይስ ቆሟል፣ ከተንቀሳቀሰ ወዴትና እንዴት፣ በአንድ ዕይታ ስንት አለ፣ ናሙናው ላላ ነው ወይስ ጠጠር። ስሙ መጨረሻ ይመጣል። አንዲት ልጅ በደካማ እንግሊዝኛ፣ ጠፍጣፋ ነው፣ ይገላበጣል፣ ብዙ ይወዛወዛል ግን ሩቅ አይሄድም ብላ ጻፈች። የእርስዎን ደብዳቤ አንብባ አታውቅም። ከጻፈች በኋላ አወጣሁላትና አነበብኩላት፤ ዝም ብላ ቆየች፣ ከዚያ እንደገና ወደ ማይክሮስኮፑ ተመለሰች። ቃላቷ ከእርስዎ ጋር ሊገናኙ የቻሉት ሁለታችሁም አንድ ፍጥረት ፊት ስለተቀመጣችሁ ነው።

በየቀኑ ከምንጽፋቸው ውጤቶች ሁሉ የበዛው አንድ መስመር ነው፤ "ኖ ኦቫ ኦር ፓራሳይት ሲን" ይላል። እንቁላልም ጥገኛም አልታየም ማለት ነው። የለም አላልንም፤ አልታየም አልን። ጃርዲያ በሰገራ ውስጥ አንድ ቀን ወጥቶ ሌላ ቀን ሊጠፋ ስለሚችል፣ አንድ ናሙና ነጻ ነው ማለት ሰውዬው ነጻ ነው ማለት አይደለም፤ ጥርጣሬ ካለ ሐኪሙ ሌላ ቀን ደግሞ ያስመረምራል። ይህን ትንሽ መስመር በጥንቃቄ የሚያነብ ሐኪም ታማሚውን ያድናል። ተማሪዎቼ መስመሩን እንደ ማኅተም እንዳያትሙት፣ ስላይዱን ከዳር እስከ ዳር ሳያዩ እንዳይጽፉት የምለምናቸው ለዚህ ነው። ሳያዩ "ሲን" ብሎ መጻፍ በእኔ ዘንድ ውሸት ነው።

ሌላም ልንገርዎ። እዚህ አሜባና ጃርዲያ የሐኪም ቃላት ብቻ አይደሉም፤ ታክሲ ውስጥ፣ ቢሮ ውስጥ፣ ቡና ላይ ይሰማሉ። ሆዱን የቆረጠው ሁሉ "አሜባ ነው" ይላል፤ አንዳንዱ ምርመራ ሳያደርግ ከመድኃኒት ቤት ሜትሮኒዳዞል ወይም ቲኒዳዞል ገዝቶ ይውጣል። ቃሉ ቤተኛ መሆኑን እወደዋለሁ፤ ሰው በዓይኑ ስለማያየው ፍጥረት በገዛ ቋንቋው ማውራት መቻሉ ትልቅ ነገር ነው። ያሳዘነኝ ማየት ከቃሉ ኋላ መቅረቱ ነው። ለሌላ ሕመም የተወሰደ የአሜባ መድኃኒት እውነተኛውን ሕመም ይሸፍናል፣ ገንዘብ ያስወጣል፣ ሆድም ይረብሻል። ምርመራው ደግሞ ርካሽና ፈጣን ነው።

ቡና ካነሳሁ አይቀር፤ በ1683 የጥርስዎን ቆሻሻ ፍቀው በንጹሕ የዝናብ ውኃና በምራቅ በጥብጠው ያዩትን፣ ጥርሳቸውን ጠርገው የማያውቁ አዛውንት አፍ ውስጥ ያገኙትን ብዛት ጽፈውልናል። ከዓመታት በኋላ ደግሞ እነዚያን እንስሳት በፊት ጥርስዎ ላይ ሲያጧቸው ምክንያቱ ትኩስ ቡና መጠጣትዎ ይሆን ብለው ጠየቁ። የቡና ተክል አገሩ እኛ ዘንድ ነው። ማዶ ሆነው ስለ ትንንሾቹ እንስሳት ሲያስቡ ከጽዋዎ ውስጥ የነበረው ነገር ከእኛ ደን የወጣ ዘር መሆኑ ያስደስተኛል፤ የማመሰግንዎት ነገር ግን ሙቀት ሊገድላቸው እንደሚችል ከገዛ አፍዎ ተነስተው ማሰብዎን ነው።

አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ለምስጋና ደብዳቤ ባይስማማም አልሸሽገውም። ምርጥ ሌንሶችዎን እንዴት እንደሠሩና ብርሃኑን እንዴት እንደተቆጣጠሩ ለሰው አልገለጹም። ከሁለት የናስ ዝርግ መካከል የተቀመጠች አንዲት ሌንስ፣ ናሙናውን የሚሸከም መርፌ፣ ያቺን የምታህል መሣሪያ 266 ጊዜ ገደማ ታጎላለች፤ እንዲህ ያለችው ዛሬ ዩትሬክት ትገኛለች። ምስጢሩን ይዘው ስላረፉ ከእርስዎ በኋላ ለረጅም ጊዜ ያን ያህል ያየ የለም። ቢያስተምሩ ኖሮ ስንት ሰው ይድን እንደነበር ሳስብ ያንገበግበኛል። ዕውቀት ሲደበቅ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። በዚህ አልከተልዎትም፤ ኮንደንሰሩን የት ላይ እንደማቆም ለጠየቀኝ ሁሉ አሳያለሁ።

በ1723 በ90 ዓመትዎ፣ ሞት ደጅ ላይ ቆሞ እንኳ የራስዎን ሕመም፣ በደረትዎና በሆድዎ መካከል ያለውን ጡንቻ መንፈራገጥ እየመረመሩ ይጽፉ ነበር። የመጨረሻዎቹን ደብዳቤዎች ወዳጅዎ ወደ ላቲን መልሶ ወደ ለንደን እንዲልክ አደራ አሉ። ለማኅበሩ 26 የብር ማይክሮስኮፖች አወረሱ፤ ልጅዎ ማሪያ ላከቻቸው። እነዚያ ጠፍተዋል። ደብዳቤዎቹ ግን አሉ። በ1981 ብራየን ፎርድ የሚባል ተመራማሪ የሮያል ሶሳይቲን መዛግብት ሲያገላብጥ፣ ከደብዳቤዎችዎ ጋር ያያያዟቸውን የናሙና ጥቅሎች፣ በምላጭ የተቀረፈ ቡሽና የጥጥ ፍሬ ሳይቀር፣ እንዳሸጓቸው አገኘ። አንባቢዎ ከመስማት አልፎ እንዲያይ ጭምር ነበር የጻፉት።

ስለዚህ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። ስሙን ሳያውቁ ስለገለጹልን፣ ሳህኑን አለቅልቀው ስለደፉ፣ ያልታየውን ታየ ስላላሉ፣ በሚያውቁት ቋንቋ ስለጻፉ አመሰግናለሁ።

ይህን ደብዳቤ ለምታነቡ አስተማሪዎች አንድ ልመና አለኝ። የሌቨንሁክ የ1676 እና የ1681 ደብዳቤዎች ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉመው ይገኛሉ። ማይክሮኦርጋኒዝም የሚለውን ቃል ለልጆች ከማስሸምደዳችሁ በፊት አንዱን ገጽ አንብቡላቸው። ትምህርት ቤታችሁ ቁምሳጥን ውስጥ ማይክሮስኮፕ ካለ ቁልፉን ጠይቁ፤ የኩሬ ውኃ ጠብታ አሳዩአቸውና ስሙን ሳትነግሩ ያዩትን በእንግሊዝኛም በአማርኛም አጽፏቸው።

አክባሪዎ፣
የላቦራቶሪ ባለሙያ
ከኢትዮጵያ